ፊዚክስ በጋቢ

የያዙኝ ደብረ ብርሃን፣ ከማስተምርበት ግቢ ስወጣ ነው። ቦርሳዬ ውስጥ አብራኝ ዶክትሬቷን ከምትማር ባልደረባዬ ጋር የምንሠራው ጥናት ረቂቅ ነበር። የአዮን ጨረር ሚጢጢ የነዳጅ እንክብል ላይ ሲያርፍ የሚያሳየውን ሥዕል መርማሪው አየና ቦምብ ነው አለ። እንክብሉን አግሎ የመብራት ኃይል ለማግኘት ነው ብል ማን ይስማኝ። መሣሪያ ነው ብለህ ፈርምና ውጣ አለኝ። ረቂቁ ላይ የእሷም ስም አለ፤ እኔ ከፈረምኩ እሷን ያመጧታል።

የታሰርንበት ክፍል ከመጥበቡ የተነሳ አንዱ ካልተነሳ ሌላው አይቀመጥም። ብርዱን አልናገርም። ከሰዓት በኋላ አንድ እስረኛ የሚያውቀውን ያስተምራል፤ ልማዳቸው ነው። አንድ የአንኮበር ቄስ ስለ ዜማ ምልክት፣ ከወለጋ የተፈናቀለ ገበሬ ስለ በሬ መግራት አስተምረው ነበር። ተራው እኔ ላይ ሲደርስ ተግደረደርኩ። እውነቱን ለመናገር ፈርቼ ነበር፤ ከፍርሃቴ ሌላ የማስበው አልነበረኝም። ቄሱ ግን አልለቀቁኝም።

«ልጄ፣ ያሳሰረህን ነገር እንኳ እንወቀው እንጂ።»

ገበሬውን ከጥጉ እስከ በሩ ሩጥ አልኩት። በሰው መሃል ተጋፍቶ ሲያልፍ የስንቱን ጋቢ ከትከሻው አወረደው። እሱ ፈጣን አዮን፣ ማለትም ኤሌክትሮን የጎደለው አቶም ነው፣ እናንተ ጨረሩ የሚያልፍበት ጋዝ ናችሁ፣ ጋቢው ኤሌክትሮን ነው አልኳቸው። ተገፎ የወጣው ኤሌክትሮንም ፍጥነት ካለው በተራው የሌላውን ይገፍፋል። አዮኖች እርስ በርሳቸው ስለሚገፋፉ ብቻቸውን ከተተዉ ጨረሩ ይበታተናል። እነዚያ የወጡት ኤሌክትሮኖች መሃላቸው ሲገቡ ግን ግፊያው ይረግባል፣ ጨረሩም ተሰብስቦ ይደርሳል።

ገበሬው ያወረደውን ጋቢ ለባለቤቱ እያቀበለ ጠየቀኝ።

«ታዲያ መምህር፣ ይሄ ምኑ ላይ ነው ሰው የሚገድለው?»

«ምኑም ላይ አይደለም።»

«እንደሱ ብለህ ጻፍላቸዋ።»

በማግስቱ ጠዋት ተጠራሁ። መርማሪው ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ አደረገው። መሣሪያ የሚለውን ሰረዝኩ፣ ከሥሩ ጥናቱ ምን እንደሆነ ጻፍኩ፣ እሱ ላይ ፈረምኩ። መርማሪው እስኪበቃው ጮኸብኝና ወደ ክፍሌ መለሰኝ። ክስ ሳይመሠርቱብኝ እስኪለቁኝ ብዙ ቆየሁ። እሷን ግን ማንም አልጠራትም።

እኔ ታስሬ ሳለ ዶክትሬቷን ጨርሳ፣ አሁን አማካሪዬ ሆናለች። ባለፈው ሳምንት ያስገባሁትን የዶክትሬት ጽሑፌን ምዕራፍ በቀይ እስክሪብቶ አቅልማ መለሰችልኝ። ማብራሪያህ ድብስብስ ያለ ነው፣ እንደ አዲስ ጻፈው አለች። ደስ እያለኝ ጻፍኩት።