አመድ የለበሰው ማሞቂያ

የውሃ ማሞቂያችን ማፍሰስ የጀመረው አባቴ «ቅዳሜ አገሬ እገባለሁ» ባሉ ማግስት ነው። ከዚያ የከፋ ቀን መምረጥ አይቻልም ነበር።

አባቴ ከትክል ድንጋይ ወዲያ ካለው ቀያችን ጎንደር እኔ ቤት ከመጡ ሁለት ወር አልፏቸዋል። የጎረቤት ቤት በሣር ሲከድኑ ወድቀው ጉልበታቸውን ተጎድተው ነው የመጡት። ሐኪሙ ጠዋት ጠዋት በሙቅ ውሃ እንዲያፍታቱት አዘዛቸው። እግራቸው መዘርጋት ጀምሯል፤ ቁልቁለት ግን ገና አይወርድላቸውም። አንድ ወር እንዲጨምሩልኝ ብለምን፣ «ሳልሠራ በልቼ አላውቅም፤ እዚህ ተጎልቼ ምን ልሁን?» አሉኝ። እስካሁንም ያቆየልኝ ያ ማሞቂያ ነው። ባለቤቴ ውሃ ላፍላልዎት ብትላቸው አሻፈረኝ ብለዋል፤ ለእሳቸው ሲባል ሰው እሳት ሲያነድ ማየት አይወዱም። ቧንቧውን ግን ራሳቸው ከፍተው ራሳቸው ይዘጉታል።

ቧንቧ ሠራተኛው ስደውልለት «መጣሁ» አለኝ። ይህ «መጣሁ» ስንት ቀን እንደሚፈጅ ጎንደር የኖረ ያውቀዋል። ስለዚህ የማሞቂያውን መብራት አጥፍቼ ራሴ ገባሁበት። ከማሞቂያው ወደ ግድግዳው የሚወርደው ቱቦ ታችኛው ጫፉ ላይ ይንጠባጠባል። አጠበቅሁት። ተንጠባጠበ። ላስቲክ ጠቀለልሁበት፤ አሁንም ተንጠባጠበ። በፈረቃ የምትመጣ፣ ስንት ቀን ጠብቀን ያጠራቀምናት ውሃ ዓይኔ እያየ ስትፈስ እንደ ሰው ሰደብኋት።

በሦስተኛው ቀን አባቴ በሩን ተደግፈው ያዩኛል።

«ምነው ልጄ፣ ምን ያታግልሃል?»

«እዚህ ጋ ነው የሚያፈሰው፤ ይኸው እያዩት!»

«የሚንጠባጠብበትንማ እኔም አየሁት። ውሃው የሚወጣበትን አገኘኸው ወይ?»

«ያው አይደለም እንዴ?» ብዬ ጮህሁ። ወዲያው አፈርሁ። አባቴ ላይ ድምፄን ከፍ ያደረግሁበት ቀን ትዝ አይለኝም።

እሳቸው እንዳልሰማ ሆነው ደረቅ ጨርቅና አመድ ጠየቁ። ባለቤቴ ከከሰል ምድጃው አመድ ነፍታ አመጣች። በርጩማ ላይ ተቀመጡና ያዝዙኝ ጀመር፦ ቱቦውን ከላይ እስከ ታች አድርቅ፤ አመዱን በስሱ ነስንስበት፤ አሁን እጅህን ሰብስብና ጠብቅ። ከሁሉ የከበደኝ መጠበቁ ነው።

«የሣር ቤት ሲያፈስ እኮ» አሉ፣ «ውሃው ከላይ ይገባና እንጨት እንጨቱን ተንሸራቶ ሌላ ጥግ ይወርዳል። በሚወርድበት በኩል ሣር ብትከምር ልፋት ነው።»

ብዙም አልቆየ፤ ከማሞቂያው ሥር፣ ልብ ባላልሁት በላይኛው መጋጠሚያ፣ አመዱ ጠቆረ። ጥቁረቱ ቱቦውን ተከትሎ ቀስ እያለ እኔ ሦስት ቀን ስታገለው እስከ ሰነበትሁት ጫፍ ወረደ።

ውሃውን ዘግቼ የላይኛውን ፈታሁት። ውስጡ ያለችው ጎሚኒ፣ ያች የላስቲክ ቀለበት፣ ደርቃ ተሰንጥቃለች። አዲስ ገዝቼ ቀየርሁ፤ አጠበቅሁ፤ እንደገና አመድ ነሰነስሁ። እስኪመሽ እየተመላለስን አየነው፤ ነጭ እንደሆነ ዋለ።

«ሸጋ ነው» አሉና ሳቁ። ቤቴ ከገቡ ጀምሮ ሲስቁ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ቧንቧውን ከፍተው ረጅም ጊዜ ቆዩ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ውሃው አለቀ ብዬ በሆዴ አጉረመርም ነበር፤ ያን ቀን ደስ አለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ግን ቦርሳቸውን በሩ ሥር አየሁት። አባቴ ጫማቸውን አጥልቀው፣ ከዘራቸውን ይዘው ቆመዋል።

«እንግዲህ ለመሄድ ቆረጡ?» አልኋቸው።

«ምኑን ነው የምቆርጠው? በል ቦርሳይቱን ያዝልኝ።»

ሳነሳው ቀለለኝ። ከፈት ሳደርገው ጋቢያቸው የለም። በቆርቆሮ የተሞላ አመድ፣ ደረቅ ጨርቅ፣ ሳያስፈቅዱኝ የወሰዱት የእኔ የብሎን መፍቻ።

«አንዲት ጎረቤትህ የማሞቂያውን ወሬ ሰምታ ትናንት መጥታ፣ አያ፣ የዕቃ ማጠቢያዬን ቧንቧ ይዩልኝ ብላ ቀጥራኛለች» አሉ። «ጉልበቴ ጎንበስ አላስብል ብሎኛልና አንተ ትጎነበሳለህ።»

«አገር ቤትስ?»

«ምን ያጣድፈኛል? ሥራ ይዣለሁ እኮ!»

ከዘራቸውን እያሳረፉ ቀድመውኝ ወጡ።