ጋሽ ደምሴ የነገሩኝ ጦርነት

ልጅ ሳለሁ፣ ሌሎች ልጆች የጦጣና የአንበሳ ተረት ሲሰሙ እኔ የሰማሁት ስለ አውሮፓ ነገሥታት ነው። ነጋሪዬ ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ በምንኖርበት አፓርታማ ከእኛ በታች ባለው ቤት ብቻቸውን የሚኖሩት ጋሽ ደምሴ ነበሩ። በንጉሡ ዘመን ለትምህርት መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ኮሌጅ ውስጥ የአውሮፓን ታሪክ አስተምረው ጡረታ የወጡ ሰው ነበሩ። እኛ ዲቪ ደርሶን የመጣን ነን። አባቴ እዚያው አቅራቢያ ባለችው ኒውአርክ መጋዘን ውስጥ፣ እናቴ ደግሞ ሳን ፓብሎ አንዲት አሮጊት ዘንድ የማታ ተራ ይሠሩ ስለነበር፣ ከትምህርት ቤት ከተመለስኩ በኋላ የምቆየው እሳቸው ዘንድ ነበር። ይህ ሁሉ ሲሆን ዘጠኝ ዓመቴ ነው።

ያኔ እሳቸው ቤት የሚበራው ከሶፋው አጠገብ የቆመው ባለጥላ መብራት ብቻ ነበር፤ የጣሪያውን «የሆስፒታል መብራት» ብለው አይነኩትም። የግድግዳው ማሞቂያ ሲለኮስ የተቃጠለ አቧራ ይሸታል፣ ሰማያዊው ነበልባል በፍርግርጉ ውስጥ ይታያል፤ እኔም እግሬን ወደ ሙቀቱ ዘርግቼ ምንጣፉ ላይ እቀመጣለሁ። «ይህ ተረት አይደለም፤ አንቺ ግን እንደ ተረት ስሚው» ይሉና ይጀምራሉ።

ሦስት ዘመዳሞች ነበሩ ይላሉ። አንዱ በእንግሊዝ፣ አንዱ በጀርመን፣ አንዱ በሩሲያ የነገሡ፣ በየሠርጉ የሚገናኙ፣ አንዱ የሌላውን የጦር ልብስ ለብሶ ፎቶ የሚነሣ። ታዲያ አንድ ቀን የኦስትሪያ አልጋ ወራሽ ከነሚስቱ በጥይት ተገደለ። ኦስትሪያ ሰርቢያን እቀጣለሁ ብላ ተነሣች፣ ሩሲያ ለሰርቢያ ቆመች፣ ጀርመን ለኦስትሪያ፣ ፈረንሳይ ከሩሲያ ጋር፤ እንዲህ እያለ እንግሊዝም ገባችበት። አገሮቹን የሚያሳዩኝ ጠረጴዛው ላይ ባገኙት ዕቃ ነበር። ሩሲያ ትልቁ መዝገበ ቃላት፣ ጀርመን የመነጽራቸው ማኅደር፣ ቤልጂየም ምስኪኗ የደም ግፊት መድኃኒታቸው ብልቃጥ ነበረች። ማኅደሩ ወደ ፈረንሳይ በሄደ ቁጥር ብልቃጧ ትወድቃለች፣ እኔም ክኒኑን ከምንጣፉ ላይ እለቅማለሁ። ጦርነት ማለት ለእኔ ለረጅም ጊዜ ክኒን መልቀም ነበር።

አንድ ምሽት፣ የጀርመኑና የሩሲያው ንጉሥ ጦርነቱ ሊጀመር ሲል በቁልምጫ ስማቸው እየተጠራሩ «ተው አንተ፣ ጦርህን አስቁም» የሚል ቴሌግራም መላላካቸውን ነገሩኝ። እኔ ግን አልዋጥልሽ አለኝ።

«ታዲያ ለምን ስቶፕ አላደረጉም?»

«ባቡሩ ወታደር ጭኖ ተነሥቶ ነበራ። ጄኔራሎቹ ፕሮግራሙ አንዴ ወጥቷል፣ አይመለስም አሏቸው።»

«ባቡር እኮ ይቆማል፣ ጋሼ።»

«ይቆማል» አሉ። «ግን ቀድሞ ላቁም የሚል ጠፋ።»

ልጅ አይደለሁ፣ ምን ይዞኝ ዝም እላለሁ! «እርስዎስ ጋሽ ታደለን ለምን ኮል አያደርጓቸውም?» አልኳቸው።

ጋሽ ታደለ ታናሽ ወንድማቸው ናቸው። ሳን ሆዜ፣ መንገዱ ካልተጨናነቀ አንድ ሰዓት በማይሞላ ርቀት ላይ ይኖራሉ፤ ወንድማማቾቹ ግን ከሠላሳ ዓመት በላይ አልተነጋገሩም። ምክንያቱን እናቴ ስታወራ ሰምቻለሁ። ጋሽ ደምሴ ለዶክትሬት ፈተና ሲዘጋጁ እናታቸው ደሴ ላይ ያርፋሉ። ወሬው አስቀድሞ ለጋሽ ታደለ ደረሰ፤ እሳቸውም ከጓደኞቻቸው ጋር ተመካክረው፣ እንደ አገራችን ወግ፣ ፈተናው እስኪያልቅ ደበቁት። ስምንት ወር ሙሉ። በዚያ መሀል ጋሽ ደምሴ ለእናታቸው ካፖርት ገዝተው፣ አገር ቤት በሚሄድ ሰው እንዲልኩላቸው ለወንድማቸው ሰጡ። «ደርሷቸዋል፣ መርቀውሃል» ተባሉ። መርዶው የተነገራቸው ቀን ካፖርቱን ከወንድማቸው ቁም ሣጥን ውስጥ አገኙት።

ጋሽ ደምሴ ጥያቄዬን እንደሰሙ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት፣ ወደ ቤቴም በጊዜ ሰደዱኝ። አስቀየምኳቸው ብዬ ሁለት ቀን ፈራሁ። በሦስተኛው ቀን ስገባ ግን፣ ሰላም እንኳን ሳይሉኝ፣ «እሑድ ሳን ሆዜ እሄዳለሁ። ኮል አላደርግም፣ በሩን ነው የማንኳኳው» አሉኝ። ያን ቀን የተሰማኝን ኩራት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ ዓለምን ያስታረቅኩ ነው የመሰለኝ።

ጋሽ ታደለ ዓርብ ከሰዓት በኋላ በልብ ድካም ሞቱ።

ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴ ኩሽና ውስጥ ቆማ ታለቅሳለች፣ አባቴ ስልክ ላይ ነው። «ነገ ጠዋት ሽማግሌዎቹ ከሳን ሆዜ ሲደርሱ ለጋሽ ደምሴ ይነገራቸዋል» አለችኝ እናቴ ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ። «እስከዚያ ትንፍሽ እንዳትዪ። ብቻቸውን ሆነው መስማት የለባቸውም።»

«ዛሬ እዚህ ልሁን፣ ማሚ። ፕሊስ።»

«ከቀረሽ ይጠረጥራሉ።»

በዚያ ሰሞን ተራራው ላይ እሳት ተነሥቶ ነበርና ከተማው ሁሉ ጭስ ጭስ ይላል። ጋሽ ደምሴ በመስኮቱ ሥር እርጥብ ፎጣ ጎዝጉዘዋል፤ ሶፋው ላይ ደግሞ ሁለት ከረባት ዘርግተዋል። «የቱ ይሻላል? ታደለ ድሮም በአለባበሴ ይስቅብኛል» አሉኝ። ሰማያዊውን አሳየኋቸው። ጉልበቴን አቅፌ ምንጣፉ ላይ ኩርምት አልኩ፤ ብርድ መስሏቸው ማሞቂያውን ጨመሩልኝ።

ከዚያ የጦርነቱን መጨረሻ ነገሩኝ። የተኩስ ማቆሙ ውል ሊነጋ ሲል ተፈረመ፤ ተኩሱ የሚቆመው ግን ረፋዱ ላይ ነው ተባለ። በመሀሉ ባሉት ሰዓታት፣ ጦርነቱ ማለቁን እያወቁ ወታደሮቻቸውን ወደ መትረየስ የላኩ መኮንኖች ነበሩ። ጋሽ ደምሴ ቁጡ ሰው አልነበሩም፤ ያን ምሽት ግን ድምፃቸው ከፍ አለ። «የሚያውቅ ሰው ነበር እኮ፣ ሊዲያ! ልጆቹ አያውቁም፣ እሱ ግን ያውቃል!» አሉኝ።

እኔ ዓይኔን ምንጣፉ ላይ ተከልኩ። ልናገር አፌን የከፈትኩበት ጊዜ ነበር፤ የእናቴ እጆች ፊቴ ላይ ያሉ መሰለኝና ዘጋሁት።

በማግስቱ ገና ሳይነጋ መኪኖች በራችን ላይ ተደረደሩ። ጥቁር የለበሱ ሴቶች፣ ኮፍያቸውን በእጃቸው የያዙ ወንዶች ደረጃውን ሞሉት። ጋሽ ደምሴ በፒጃማ በሩን ከፈቱ፤ ከእኛ ሰው መሀል በዚያ ሰዓት ሰብሰብ ብሎ የመጣ ሰው ምን ይዞ እንደመጣ የማያውቅ የለም።

«ታደለ ነው?» አሉ። ሰዉ አቀረቀረ። «መቼ?»

«ትናንት ከሰዓት፣ ጋሼ» አለ አባቴ።

ያለቅሳሉ ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን ከእናቴ ጀርባ የተደበቅኩትን እኔን ፈልገው አገኙኝ። «ይህች ልጅ ማታ እኔ ዘንድ ነበረች» አሉ፤ ለማንም አልነበረም የተናገሩት። ከዚያ በሩን ክፍት ትተው ወደ ውስጥ ገቡ፣ ወንዶቹም ተከተሏቸው።

ለቅሶው ሲያበቃ እንደ ወትሮው ወደ ቤታቸው መውረዴን ቀጠልኩ። አልተቆጡኝም፣ አንድም ቀን አላነሱብኝም። የጦርነቱን ማግስት ነገሩኝ፦ ከየምሽጉ የተመለሱትን አካለ ጎዶሎዎች፣ የወደቁትን ዘውዶች፣ ሰላም ተብሎ የተፈረመው ወረቀት ለሚቀጥለው እልቂት እንዴት መንገድ እንደጠረገ። አሁን እኔም የአርባ ዓመት ሴት ልሆን ነው። ከዚያ ሁሉ ታሪክ ብዙውን ረስቼዋለሁ፣ የነገሥታቱም ስም ይምታታብኛል። የቀረኝ አንድ ነገር ነው። ከዚያች ቅዳሜ በኋላ፣ በሩን ከፍቼ በገባሁ ቁጥር፣ ታሪኩን ከመጀመራቸው በፊት መብራቱን ወደ ፊቴ ጠጋ ያደርጉና «የሰማሽው ነገር አለ?» ይሉኛል።

«የለም፣ ጋሼ» እላለሁ። እውነቴን ነበር። እሳቸው ግን፣ እስኪሞቱ ድረስ፣ ሁልጊዜ ደግመው ይጠይቁኝ ነበር።