እንግሊዙ የታለ?

ልጄ የምትወደው ልጅ እንግሊዝ መሆኑን ስትነግረኝ መጀመሪያ ያሰብኩት ወንድሜን ነው። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ የቤታችን ትልቅ ሰው እሱ ነው፤ ሽማግሌ ሲመጣ «ሰጥተናል» ወይም «አንሰጥም» የሚለው እሱ ነው። ክፉ ሰው አይደለም። ግን ሐረግ መምዘዝ ይወዳል፤ ሰባት ቤት ሳይቆጠር እሺ አይልም። ሰባት ቤት የሚቆጠረው እኮ ዝምድና እንዳይኖር ነው! ከእንግሊዝ ጋር ምን ዝምድና ሊገኝብን ነው ብዬ ብስቅ ተቆጣኝ።

እሑድ ከሰዓት ወንድሜ ከቦሌ ሚካኤል መጣ፤ ብዙም ሳይቆይ ሦስት ሽማግሌዎች ሲኤምሲ ቤታችን ገቡ። ልጁ እዚህ ዘመድ ስለሌለው ሽማግሌ የሆኑለት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው። ልጄ ጓዳ ሆና በሩን ገርበብ አድርጋ ታዳምጣለች። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ መልስ ሳንሰማ አንቀመጥም ብለው ቆሙ። ወንድሜም «በሉ ቤቱን ቁጠሩልኝ» አለ።

አንደኛው ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠራርገው ጀመሩ። የልጁ አባት እዚያው ለንደን የተወለደ፤ የአባቱ አባት ከጃማይካ በመርከብ የመጣ። የእናቱ አባት ህንድ፤ የእናቱ እናት አየርላንዳዊት።

«እሺ» አለ ወንድሜ። «እና እንግሊዙ የታለ?»

«እሱ ራሱ ነዋ! እዚያ ተወልዶ፣ እዚያ ያደገ። ዓርብ ዓርብ ቤታቸው የህንድ ወጥ ይበላሉ። እሑድ ጥብስ ከድንች ጋር ነው፤ የጃማይካዊ አያቱን የሚያቃጥል ቃሪያ ጨምረውበት። ጠዋት ማታ ሻይ በወተት።»

«ሻዩ እንኳ የእንግሊዝ ነው።»

«ቅጠሉ ከህንድ ነው የሚመጣው፣ ጌታዬ።»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ወንድሜ አልሳቀም። «ሲያዩት ያላማረ ሲበሉት ያቅራል» አለ። ከጓዳ የልጄን «ውይ!» ሰማሁ።

ደሜ ፈላ። ወጉ ሴት ዝም ትበል ይላል፤ ቢል ይበል! «ጋሼ፣ የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች አሉ። እስቲ የኛን ቁጠር» አልኩት።

መቁጠር ደስ ስለሚለው ጀመረ። አባታችን ከትግራይ፣ እናታችን ከወላይታ፣ የአባታችን እናት የወሎ ኦሮሞ። የእሷን እናት ግን እንደ ልማዱ ዘለላት።

«ቆይ! የየመናዊው ነጋዴ ልጅስ? ቅድመ አያትህ አይደለችም?»

ጋቢውን ትከሻው ላይ አስተካከለ።

«ጠዋት ማኪያቶ ትጠጣለህ። ጾም ሲሆን ፓስታ በአትክልት ትበላለህ። ስትሄድ ቻው ትለኛለህ። ኢትዮጵያዊ አይደለህም ያለህ ሰው አለ? አንተም ልጁን እንግሊዝ አይደለህም አትበለው።»

ፊቱ ተለዋወጠ። ፈራሁ፤ ግን ከጀመርኩ ወዲያ አልመለስም። ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሬ «ቁጭ በሉ። እናቷ ነኝ፤ ልጄን ሰጥቻለሁ» አልኩ።

«ሰጥተሽ ከጨረስሽ እኔን ለምን ጠራሽኝ?» አለ ወንድሜ። ቁጣ አልነበረም፤ ቅር ብሎት ነው።

«እንድትመርቃት ነዋ! ከአንተ ሌላ ማን አላት?»

ተነሳና ልጄን ጠራት። ጉልበቱን ልትስም ጎንበስ ስትል እጁን ራሷ ላይ ጫነ። «ውለዱ፣ ክበዱ» ብሎ ጀመረ፤ ሊቀጥል ሲል እንባ ቀደመው። ምርቃቱን እኔው ጨረስኩለት።