ቬሊን የገዛው የግራኝ ጊታር

ቬሊን ጥርሴን ልታከም ፕሎቭዲቭ እሄዳለሁ ብሎ በወጣበት ቀን ጊታር ይዞ ተመለሰ።

ሚስቱ ሩምያና ግቢ ውስጥ ለክረምት የሚቀመጠውን ቀይ ቃሪያ እየጠበሰች ነበር። መኪናው ሲቆም ቀና ብላ መጀመሪያ ያየችው ጉንጩን ነው፤ አላበጠም። ከዚያ የኋላውን በር ከፍቶ አንድ ረጅም ጥቁር ሻንጣ፣ እንቅልፍ እንደወሰደው ሕፃን በሁለት ክንዱ አቅፎ ሲያወጣ አየች።

«የጥርስ ሐኪሙ ይሄን ነው የሰጠህ?»

«ጥርሴን አሞኝም አያውቅ» አለ ቬሊን፣ ዓይኗን ላለማየት የሻንጣውን መዝጊያ እየነካካ።

«እሱንማ ጉንጭህ ይናገራል። ምንድን ነው?»

«ጊታር።»

 የሩምያና ዓይን ሻንጣውን ትቶ ግራ እጁ ላይ አረፈ። ቃሪያው እያረረ መሆኑን ያስታወሳት ሽታው ነው።

ቬሊን የአምሳ ሦስት ዓመት ሰው ነው። ራኪቶቮ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወልዶ፣ ከሁለት ዓመት ውትድርና በቀር ከራኪቶቮ ርቆ አያውቅም። በሥራ ቀን እንጨት መሰንጠቂያ ቤት ይሠራል፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ የሠርግ ጊታር ተጫዋች ነበር። ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ያቋቋመው ባንድ በአካባቢው መንደሮች ሁሉ ይፈለግ ነበር። ባለ አኮርዲዮኑ ጎበዝ ነበር፤ ከበሮ መቺው ያናኪም አይታማም፤ ሰው የሚመጣው ግን ቬሊንን ለመስማት ነው። ተሰብሳቢው እጅ ለእጅ ተያይዞ ሆሮ ሲጨፍር፣ እሱ ወደ ፊት ወጥቶ ጊታሩን ማስለቀስ ሲጀምር፣ የሙሽራይቱ አክስቶች መሐረባቸውን ያወጣሉ። እሱም ይህንን ያውቅ ነበር። ያናኪ እንደሚለው፣ ቬሊን ጊታር ያነገተ ዕለት በሩን ካላሰፉለት አይገባም።

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ መጋዙ የግራ እጁን የመሐል ጣትና የቀለበት ጣት ከላይኛው አንጓ ቆረጣቸው። ጥፋቱ የማንም አልነበረም። ለአንዲት ቅጽበት ዓይኑን ከእንጨቱ ላይ አንሥቶ ነበር፤ ራሱም ያንን አልካደም። የግራ እጅ ጣት ማለት ለጊታር ተጫዋች ዜማው የሚሠራበት ነው። ከሆስፒታል በወጣ በሦስተኛው ሳምንት ጊታሩን ወስዶ ለከተማው የባህል ቤት ሰጠ፤ «ለልጆች ይሁን» አለና ደረሰኝ እንኳ ሳይጠብቅ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ቤታቸው ውስጥ ጊታር የሚባል ቃል አልተነሣም። ሠርግ ሲጠሩ ይሄዳል፤ ግራ እጁን ኪሱ ከትቶ ይቀመጣል፤ ሩምያናም አጠገቡ ትቀመጣለች።

ነገሩ የተጀመረው ባለፈው ነሐሴ፣ የሩምያና የእኅት ልጅ ስታገባ ነው። የሠርጉ ባንድ እየተጫወተ ሳለ፣ ሩምያና የወደቀ ሹካ ልታነሣ ከጠረጴዛው ሥር ጎንበስ አለች። ስትነሣ ፊቷ ተለዋውጧል።

«ቬሊን፣ እጅህን እየው።»

«የቱን?»

«ቀኙን።»

ቀኝ እጁ ጉልበቱ ላይ ነበር። ጣቶቹ ሱሪውን ይጫናሉ፣ ይነሣሉ፣ ቦታ ይቀይራሉ፤ መድረኩ ላይ ያለው ጊታር ተጫዋች በሚቀይርበት ሰዓት፣ ሳይቀድሙ ሳይዘገዩ። ቬሊን ልክ የሌላ ሰው እጅ እንደሚያይ አፍጥጦ አየው። ሲያየው ጣቶቹ ቆሙ። መቼ እንደጀመሩ አያውቅም። ምናልባት ዘንድሮ፣ ምናልባትም ከዚያች ማክሰኞ ጀምሮ። ቀኝ እጁ ማንንም ሳያስፈቅድ የጓደኛውን የግራ እጁን ሥራ ተረክቦ ኖሯል ማለት ነው። ቬሊን አንድ ወር ሙሉ ይህንን ሲያብሰለስል ቆየና የጥርስ ሕመም ፈጠረ።

ፕሎቭዲቭ የሄደበት መደብር ግድግዳው ሁሉ ጊታር ነው። የግራኝ ግን ሁለት ብቻ ነበሩ፤ እነሱም ጥግ ላይ፣ ከመጸዳጃው በር አጠገብ ተሰቅለዋል። ሻጯ ደሲስላቫ የምትባል፣ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች የአርባ ዓመት ሴት ነች።

«ግራኝ ነዎት?» አለችው።

«አልነበርኩም» አለ ቬሊን፤ እጁን ከኪሱ አውጥቶ አሳያት። ለማያውቀው ሰው እጁን ወዶ ሲያሳይ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ደሲስላቫ አየችው፤ ከንፈሯንም አልመጠጠች። ከሁለቱ አረንጓዴውን አወረደችና «ይሞክሩት» ብላ ዘረጋችለት።

ቬሊን ዞር ዞር ብሎ አየ። ሁለት ሰዎች የጊታር ክር እየመረጡ ነው። «አንቺ ብትመቺልኝስ? ድምፁን ልስማ።»

«እኔ ቀኝ ነኝ» አለች እየሳቀች። «በዚህኛው ላይ እርስዎና እኔ እኩል ነን፤ ሁለታችንም አንችልም።»

ድምፁን ሳይሰማ ገዛው።

ማታ ከእራት በፊት ማእድ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ሻንጣውን ከፈተ። ሩምያና ከማዶ ተቀምጣ የተጠበሰውን ቃሪያ ትልጣለች። ቬሊን መጀመሪያ ያየው እንጨቱን ነው፤ ዕድሜውን ከእንጨት ጋር የኖረ ሰው ሌላ ምን ያያል? ጀርባውን ገለበጠ፤ በጥፍሩ አንኳኳው፤ አንገቱን ወደ አምፖሉ አቅንቶ በአንድ ዓይኑ አነጣጠረ፤ በመጨረሻም አሸተተው።

«በደንብ የደረቀ ነው» አለ። «አልተጣመመም።»

«እንቁራሪት ይመስላል» አለች ሩምያና።

እውነቷን ነው። ቀለሙ ካልበሰለ ቲማቲምም ይበልጥ አረንጓዴ ነው፤ መብራት ሲያርፍበት ያብለጨልጫል። አንገቱ ቀጭንና ልስልስ ነው፤ እጅ ያንሸራትታል። የድሮ ጊታሩ አንገት ጣቶቹ ከመመላለሳቸው ብዛት ተቦርቡሮ፣ ቦታ ቦታውን እየጠቆመ ይመራው ነበር። በዚህኛው ላይ የማንም ጣት አላለፈም። አነገተው። ክብደቱ በማያውቀው ትከሻ ላይ ወደቀ፤ የግራና የቀኝ ጫማውን አዛውሮ ያደረገ ሰው ሆነ።

አብሮ የገዛትን ትንሽ የድምፅ ማጉያ በሽቦ ከጊታሩ ጋር አያይዞ ሶኬት ላይ ሰካና ከፈታት። እዝዝ የሚል ድምፅ ማእድ ቤቱን ሞላው። ቬሊን ለአፍታ እጁን ሳያንቀሳቅስ ቆመ። ይህቺ እዝዝታ ናፍቃው እንደኖረች አያውቅም ነበር።

መቃኘት ጀመረ። የክሮቹ መወጠሪያ መዘውሮች በተቃራኒው ስለሆኑ አጠብቃለሁ ሲል ያላላል፤ ጆሮው ግን አልተታለለም። ስድስቱም ክር ቅኝታቸው ሲገባ፣ ክሮቹን ሳይጫን በአንድ ላይ መታቸው። ድምፁ ጥርት ያለ ነው። ከድሮው ይልቅ ቀዝቀዝ ይላል፤ ግን ቶሎ አይሞትም፤ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ይሄዳል። እስኪያልቅ ጠበቀው። ሩምያናም መላጧን አቁማ ነበር።

«ያምራል» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ።

ከዚያ ሊጫወት ሞከረና ጉድ ፈላ። ጉልበቱ ላይ ሳይሳሳት የሚሄደው ቀኝ እጁ ክር ሲያገኝ ፈራ። ሱሪ አይቆርጥም፤ ክር ይቆርጣል። ግራ እጁ ደግሞ ዝንብ እንደሚያባርር ሰው ክሩን አንዴ ይስተዋል፣ አንዴ ሦስቱን ባንዴ ይመታል። በየሠርጉ «እሷን ድገማት!» የሚባልባትን ዜማ ጀመረ፤ አራተኛው ድምፅ ላይ ወደቀ። እንደገና ጀመረ፤ ሦስተኛው ላይ ወደቀ። ሩብ ሰዓት ያህል ታግሎ ማጉያዋን አጠፋት፤ ጊታሩን ሻንጣው ውስጥ መለሰው።

«በአሥራ አራት ቀን ውስጥ መመለስ ይቻላል ብላኛለች ሻጯ» አለ።

«እንግዲያው አሥራ ሦስት ቀን አለህ» አለች ሩምያና፤ ቃሪያዋን መላጥ ቀጠለች።

ቬሊንን ያንገበገበው እጁ አልነበረም። እጁ እንደሚያስቸግረው ሲገዛውም ያውቀው ነበር። ያንገበገበው ራሱን መስማቱ ነው። አሥራ አንድ ዓመት አልተጫወተም፤ ስለዚህ አሥራ አንድ ዓመት አልተሳሳተም። በልቡ ይዞት የኖረው ያ የሠርግ ጊታር ተጫዋች ከዓመት ዓመት እየጎበዘ፣ እየተዋበ ሄዶ ነበር። አሁን ይህ አረንጓዴ ነገር መጥቶ፣ ትናንት የተወለደ፣ የማንንም ዝና የማያውቅ ነገር፣ የሰጡትን ብቻ መልሶ አሰማው። ጊታሩ አላፌዘበትም፤ ከማንም ጋር አላወዳደረውም። የሚያወዳድረው እሱ ራሱ ነበር።

እሑድ ከምሳ በኋላ ያናኪ ከነጫጫታው መጣ። ከበሮውን ካቆመ ወዲህ በመኪና ዳቦ ያከፋፍላል።

«እስቲ እንቁራሪቷን አምጣት!» አለ ገና ከበሩ።

«ማን ነገረህ?» አለ ቬሊን፣ ወደ ሩምያና እያየ። ሩምያና ወደ መስኮቱ ዞረች።

«ማን ያልነገረኝ አለ? ዳቦ ሳድል ሦስት ሰው ነግሮኛል። አንዷማ ፒያኖ ነው የገዛው ብላኛለች።»

ቬሊን እምቢ አለ፤ ያናኪ ደግሞ እምቢታ አይሰማም። በመጨረሻ ጊታሩን አነገተና ያቺኑ ዜማ ሞከረ፤ ወደቀ፤ ሞከረ፤ ወደቀ። ያናኪ አልሳቀም። ይህ ከሳቅ ባሰ።

«ምን ዝም ያሰኝሃል? ስደበኝ እንጂ!» አለ ቬሊን።

«ምን ብዬ ልስደብህ?» አለ ያናኪ። «በአሥራ ስድስት ዓመትህ ልክ እንዲህ ነበር የምትጫወተው። ጋራዥ ውስጥ አብሬህ ነበርኩ፤ ሰምቼሃለሁ። አስቀያሚ ነበርክ ወዳጄ። ያኔ ግን አታፍርም ነበር።»

ቬሊን አንገቱን ደፋ። ያናኪ ሁለት የሾርባ ማንኪያ አነሣ።

«ዜማውን ተወው። ቀኝህን ክሮቹ ላይ ብቻ አሳርፍ፤ እንዳይጮኹ። ግራህ ይምታ።» በማንኪያዎቹ ጠረጴዛውን መታ፤ ሁለት፣ ሁለት፣ ሦስት፤ ሁለት፣ ሁለት፣ ሦስት፤ እነሱ ገና በማኅፀን ሳሉ እናቶቻቸው የጨፈሩበት ምት ነው።

«አጃቢ ልታደርገኝ ነው?» አለ ቬሊን።

«ሌላ ምን ልትሆን ነበር? ድምፅ አታሰማ፣ ምታ ብቻ።»

ቻክ፣ ቻክ፣ ቻክ። መጀመሪያ እየተደናቀፈ፣ ከዚያ እየተጎተተ፣ ከዚያ ከማንኪያዎቹ ጋር ገጠመ። ሁለቱ አጫጭር ጣቶቹ ለዚህ ምንም አላጎደሉበትም፤ መምቻውን አውራ ጣትና ጠቋሚው ይዘውታል። ለአንድ ሰዓት ያህል ምንም ዜማ ሳይኖር እንዲሁ ሲመቱ ቆዩ። ሩምያና ባኒፃ የሚባለውን፣ አይብ የተጠቀለለበትን የምድጃ ቂጣ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ስታኖር የሁለቱም ግንባር በላብ ርሷል። አሥራ አራቱ ቀን መቼ እንዳለፈ ማንም አላስታወሰም።

በዚያው ክረምት፣ በረዶው መንገዱን በዘጋበት ሰሞን፣ ቬሊን ለረጅም ጊዜ ትዝ ብሎት የማያውቅ ሰው ትዝ አለው። ባንዱ ውስጥ አጃቢ ጊታር የሚመታ ስቶይኮ የሚባል ዝምተኛ ሰው ነበር። ቬሊን ባንዱን ሲያስተዋውቅ ሦስት ስም ጠርቶ አራተኛውን የሚረሳ ነበር፤ የሚረሳውም ሁልጊዜ ስቶይኮን ነው። አሁን የእጅ አንጓው ከአንድ ዘፈን በኋላ እንደ ድንጋይ ሲደርቅበት፣ ያ ሰው ከምሽት እስከ ንጋት እንዴት ይመታ እንደነበር ማሰብ ጀመረ። ስቶይኮ ስፔን ገብቶ ብርቱካን ይለቅማል። ቬሊን የስልክ ቁጥሩን ከስቶይኮ እኅት ተቀብሎ ደወለ።

«ስቶይኮ፣ ቬሊን ነኝ፣ ከራኪቶቮ።»

«ማን ሞተ?» አለ ስቶይኮ።

«ማንም አልሞተም። አንድ ነገር ልጠይቅህ ነበር። አንጓህን እንዴት ነበር የምትይዘው? እኔ ይደርቅብኛል።»

ከወዲያ ማዶ ወንበር ሲጎተት ተሰማ። 

«ሃያ ዓመት አጠገብህ ቆሜ ስመታ አልጠየቅኸኝም» አለ ስቶይኮ። ድምፁ የተቆጣ ሰው ድምፅ አልነበረም። «በል ስማ። ከአንጓህ አትምታ፤ ከክርንህ ጣለው፤ የታጠበ እጅህን እንደምታራግፍ። ደግሞ ጥርስህን አትንከስ፤ አንተ ስትመታ ጥርስህን ትነክሳለህ።»

ቬሊን ጥርሱን ነክሶ ነበር። መንጋጋውን አላላ። «ይቅርታ ስቶይኮ» አለ። ስለምን እንደሆነ አልተናገረም፤ ስቶይኮም አልጠየቀም። ስለ ብርቱካንና ስለ በረዶ ጥቂት አወሩና ተሰነባበቱ።

የከተማው ሰው ሜዳ ላይ ወጥቶ በሚጨፍርበት በጊዮርጊስ በዓል ዕለት፣ የበግ ጥብስ ጭስ ሜዳውን ሲሞላው፣ ቬሊን ስድስት ዘፈን ተምሮ ነበር። ስድስት ብቻ። የባለ አኮርዲዮኑ ልጅ ዜማውን ትጫወታለች፤ እሷ ከአባቷ ትበልጣለች። ቬሊን ከኋላ፣ ለዕለቱ ከበሮውን እንደገና ካወጣው ከያናኪ አጠገብ ቆመ። ከታች አንድ ሰው «ቬሊን፣ ጊታሩን ገልብጠህ ነው የያዝከው!» ብሎ ጮኸ። «አንተ ነህ ተገልብጠህ የምታየኝ፤ የራኪያ አረቄህን ቀንስ!» አለው ያናኪ በማይክሮፎን፤ ሜዳው በሳቅ ተሞላ።

ከኋላ መቆም እንደ ፊቱ አይደለም። ድሮ ከፊት ሆኖ የሚያየው እሱን የሚያዩትን ፊቶች ነበር። ከዚህ ግን እግሮች ይታያሉ። አንዱ ሲስት ሌላው ሲጎትተው፣ ሽማግሌው ሲደክመው ምቱን ሲጠብቅ፣ ሁሉ ይታያል። እግሮቹም የሚሄዱት ማንም በማይሰማው ቻክ ቻክ ላይ ነበር። ሦስተኛው ዘፈን ላይ ሰልፉ ዞሮ በመድረኩ ፊት ሲያልፍ፣ በሁለት ጎረቤቶቿ መካከል እጅ ለእጅ ተያይዛ፣ ጉንጯ ቀልቶ፣ ሩምያናን አያት። አሥራ አንድ ዓመት አጠገቡ ስትቀመጥ መጨፈር እንደምትወድ ፈጽሞ ረስቶት ነበር።

እሷን ሲያይ ድምፁ የሚቀየርበት ቦታ አለፈው። ሁሉም ወደ ሌላው ድምፅ ሲሄዱ እሱ በድሮው ላይ ቀረ። ያናኪ ከከበሮው ጀርባ የቬሊንን ሁለት አያቶች ጠቅሶ ሰደበው። ቬሊን ቀኝ እጁን ወደ ቦታው አንሸራተተና ምቱን ሳይለቅ ተቀላቀላቸው።