ስልክ የማያነሳውን ይመርን ፍለጋ ወደ ኮኪት

ዓርብ ንጋት፣ ጎንደር

ሚኒባሱ ከመናኸሪያው የወጣው ሰማዩ ገና ግራጫ ሳለ ነው። ከሾፌሩ ጀርባ ያለውን ወንበር ይዣለሁ። እግሬ ሥር የማን እንደሆነ ያልታወቀ የድንች ጆንያ ተጋድሞ ጉልበቴን አገጬ ድረስ አንስቶታል። አጠገቤ የተቀመጠው የጎጃም ሰው የደረብኩትን ጋቢ ላይ ታች አየና፣ "ጋሼ፣ ይኼን ለመተማ ነው የደረቡት?" ብሎ ሳቀብኝ። እውነቱን ነው። ቢሆንም ጎንደር በኅዳር ንጋት ያለ ጋቢ አትወጣም፤ ቆላ ስንደርስ እንደ ጆንያው እጥለዋለሁ።

የምሄደው ሰው ፍለጋ ነው። በወጣትነቴ፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ፊቱን ካዞረብኝ በኋላ፣ ኮኪት አጠገብ በሚገኝ የሰሊጥ እርሻ ጥቂት ዓመታት ሠርቻለሁ። ይመር የሚባል የወሎ ልጅ ትራክተር ይነዳ ነበር፤ እኔ ረዳቱ ነበርኩ። አለሚቱ ደግሞ ለሠራተኛው ምግብ ታበስል ነበር። ሦስታችንም ከየቤታችን ርቀን ስለነበር እርስ በርሳችን ቤተሰብ ሆንን። ኋላ እኔ ተምሬ ጎንደር ላይ መምህር ሆንኩ፤ እነሱ እዚያው ቀሩ። መጀመሪያ ሥራው፣ ቀጥሎ ልጆቹ፣ ከዚያ የመንገዱ ነገር እየያዘኝ ሳልሄድ ዘመን አለፈ። በየበዓሉ ግን እንደዋወል ነበር።

ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው፣ ይመር ስልክ ማንሳት አቆመ። ይጠራል፣ ይጠራል፣ አይነሳም። ክፉ ነገር ደርሶበት እንደሆነ ብዬ ወደዚያ የሚመላለስ የጭነት መኪና ሾፌር እንዲጠይቅልኝ ላክሁ። "አለ፣ ደህና ነው፣ ትራክተሩን እየነዳ ነው" የሚል መልስ መጣልኝ። ደህና ከሆነ ታዲያ ምን አስቀየምኩት? ወዳጅነታችን አልቆ ከሆነም ከራሱ አፍ ልስማው ብዬ ነው ከድንች ጆንያ ጋር የተዳበልኩት።

ዓርብ ረፋድ፣ ከአይከል ቁልቁል

አይከል ላይ ቁርስ በላን። ፍርፍር በቃሪያ፣ ሻይ በብርጭቆ፤ የውሃው ዋጋ ከሻይና ከፍርፍሩ በላይ አስደነገጠኝ። ከዚያ በኋላ መንገዱ ወደታች ነው። ጠመዝማዛ፣ ድልድይ፣ ኬላ፣ መታወቂያ፣ እንደገና ጠመዝማዛ። ጋቢዬ ወለቀ፣ ሹራቤም ተከተለው። ነጋዴ ባሕር ስንደርስ መስኮቱ የሚያስገባው አየር ከምድጃ አፍ የሚወጣ ይመስላል። ግራና ቀኝ የሽመል ጫካ፣ ጥቁር አፈር፣ ራሱን የደፋ ማሽላ። አይሱዙዎች በጀርባቸው ሰው ጭነው ያልፉናል፤ አንገታቸው ላይ ፎጣ የጠመጠሙ፣ ከደጋ ለአጨዳ የወረዱ የቀን ሠራተኞች ናቸው። ቆላው "ሳሉግ" ይላቸዋል።

የጎጃሙ ጎረቤቴም ሳሉግ ነው። "ዘንድሮ ዘገየሁ፤ ሰሊጥ ደግሞ አፉን ከከፈተ ሰው አይጠብቅ" አለኝ።

"አውቃለሁ፣ ሠርቼበታለሁ" ስለው እጄን ገልብጦ መዳፌን አየ። ጠመኔ ብቻ የነካው መዳፍ ሆኖ ስላገኘው በትህትና መልሶ ጉልበቴ ላይ አኖረልኝ።

ዓርብ ከሰዓት፣ መተማ ዮሐንስ

ኮኪትን በመስኮት እያየሁ አለፍኩት። ልቤ ውረድ ውረድ ቢለኝም መጀመሪያ አለሚቱን ማግኘት ፈለግኩ። እሷ መተማ ዮሐንስ ምግብ ቤት ከፍታለች። ከተማው ጠርዝ ላይ ድልድዩ አለ፤ ከድልድዩ ማዶ ገላባት፣ ሱዳን። ዱሮ የጭነት መኪና ሰልፉ ማለቂያ አልነበረውም። አሁን ከማዶ የሚመጣው በአብዛኛው ሰው ነው። ጦርነቱ ያፈናቀላቸው እናቶች ፌስታልና ሕፃን ይዘው ይሻገራሉ፤ ባጃጆች ይጠብቋቸዋል። አንዲት ሽማግሌ ሴት ሻንጣቸው ላይ ተቀምጠው ማዶውን ያዩ ነበር። ምን ብዬ ሰላም እንደምላቸው ጨንቆኝ አንገቴን ዝቅ አድርጌ አለፍኩ።

አለሚቱ ወፍራለች፤ እኔም። በሩ ላይ ስንተቃቀፍ ሆዳችን ቀድሞ ተገናኘ። ተላቅሰን ስናበቃ በረዶ ያለበት ከርከዴ ቀዳችልኝ። የቀይ አበባው ጎምዛዛ ጣፋጭ ጣዕም ጉሮሮዬን ሲያርሰው ሃያ ዓመት የሚሆን ነገር ከላዬ ወረደ። ወዲያው የይመርን ነገር አነሳሁባት። ፊቷ ጠቆረ።

"ያን ሰው አታንሳብኝ። የእኔንም ስልክ አያነሳ። ይሁን፣ ሥራ በዝቶበት ነው ብየ ቻልኩት። ባለፈው ኮኪት ገበያ ከኋላው አየሁትና ይመር፣ ይመር እያልሁ ጠራሁት። ሰው ሁሉ እየሰማ። ዞር ሳይል ሄደ።"

"ምናልባት..."

"ምናልባት የለም። ትራክተሩን የራሱ ካደረገ ወዲህ ወጥ የሠራሁለትን እኔን ረሳኝ። ኻላስ፣ አበቃ።"

ነገ አብራኝ እንድትሄድ ለመንኳት። እምቢ አለች። ማታ ግን ወይካ፣ ያን የቆላ ባሚያ፣ ስትቀቅል አገኘኋት። ይመር ዱሮ ወይካ የቀረበ ቀን ሳህኑን ካልላሰ አይነሳም ነበር። ለማን ነው ብላት፣ "ልሰድበው ነው የምሄድ። ባዶ እጄን ሄጀ ልሰድበው ታዲያ?" አለችኝ።

ቅዳሜ ጧት፣ ኮኪት

የይመር ሚስት ቤት አልነበረችም። ጎረቤቶች "ሰሊጥ እየተራገፈ ነው፣ እርሻ ናቸው" አሉን። ባጃጃችን አስፋልቱን ለቆ በትራክተር ጎማ ጉድጓዶች መካከል ይዘላል። አለሚቱ የወይካውን ድስት ጭኗ ላይ አቅፋ መንገዱን፣ ባጃጁን፣ እኔን በየተራ ትራገማለች።

ሰሊጡ ተቆርጦ፣ በነዶ ታስሮ፣ ራስ ለራስ ተደጋግፎ በረድፍ ቆሟል። መካከሉ ላይ ሰፊ ሸራ ተነጥፏል። ነዶው እንደ ሕፃን ቀጥ ተደርጎ በእቅፍ ይመጣና ሸራው ላይ ተዘቅዝቆ ይራገፋል። በመንገድ ከወደቀ የዓመት ልፋት መሬት በላው ማለት ነው። ሸራው ላይ የሚገባው ጫማ ተወልቆ ነው። ሥራ ላይ ያለን ሰው ደግሞ "እግዜር ያበርታ" ሳይሉት አያልፉም፤ የተባለም መመለሱ ግድ ነው። የማይመልስ ከተጣላህ ሰው በቀር የለም።

ይመር ጀርባውን ሰጥቶን ነዶ ያራግፋል። ትከሻውን ከሩቅ አወቅሁት።

"እግዜር ያበርታችሁ!" አልኩ፣ በአስተማሪ ድምፄ።

ሠራተኞቹ ሁሉ "አሜን፣ አብሮ ያበርታ" አሉ። ይመር ዝም። ይባስ ብዬ በስሙ ጠራሁት። ዝም። ነዶውን አራገፈ፣ ወረወረ፣ ሌላ ተቀበለ።

"አየህልኝ?" አለች አለሚቱ። ዓይኗ እንባ ሞላ። ይህን ሁሉ መንገድ የመጣሁት ጀርባ ለማየት ነው? ተመልሼ ባጃጁ ላይ ልወጣ ነበር። እልህ ያዘኝና ጫማዬን አውልቄ ሸራው ላይ ገባሁ፤ ዞሬም ፊት ለፊቱ ቆምኩ።

ቀና አለ። አየኝ። ያቀፈው ነዶ ከእጁ አምልጦ ከሸራው ውጭ ወደቀ፤ ሠራተኞቹ በአንድ ድምፅ ጮኹ። እሱ ግን አንገቴ ላይ ተጠምጥሟል።

"ጌጡ! አንተየዋ፣ ሸበትክ አይደል እንዴ!" ከማዶ ላለ ሰው እንደሚጣራ ነው የሚያወራው። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ትራክተሩ ጎማ፣ ስለ ሰሊጥ ዋጋ፣ ሳይተነፍስ አከታተለው። በመሀል "ልጆች ደህና ናቸው?" አልኩት።

"ኧረ ዝናቡ ዘንድሮስ ቶሎ ቆመ፣ መስከረም ሳያልቅ!" አለኝ።

"ባለቤትህስ?"

"አንዱን ጎማ ቀይሬዋለሁ!"

ያን ጊዜ ገባኝ። ይመር አልተቀየመንም። ይመር አይሰማም። የሚጠየቀውን ስለማያውቅ፣ ሰው እንዳይጠይቀው ነው ያለ ፋታ የሚያወራው።

ምን እንደማደርግ ግራ ገብቶኝ ሳለ እጄ ከእኔ ቀደመ። በትራክተር ዘመናችን እሱ መሪ ላይ፣ እኔ ከኋላ ማረሻው ላይ ተቀምጠን፣ በሞተሩ ጩኸት ቃል ስለማይሰማ ቀኑን ሙሉ የምንነጋገረው በእጅ ነበር። ቀኝ እጄን ከራሴ በላይ አንስቼ ቁልፍ እንደሚያዞር ሰው አዞርኩት፤ ሞተር አጥፋ ማለት ነው።

ይመር ዓረፍተ ነገሩን ከመሀል ቆርጦ ዝም አለ። ጆሮዬን ነካሁና አየሁት። አንገቱን ደፋ።

"መጀመሪያ ቀኙ ነው የሄደው" አለ፣ ድምፁ አሁን ዝቅ ብሎ። "ጭስ ማውጫው በቀኝ በኩል አይደል። ኋላ ግራውም ተከተለው። ሐኪም አየኝ፣ ጆሮ ውስጥ የሚገባውንም ዕቃ ሞከርኩት። ትራክተሩን እንጂ ሰውን አያሰማኝም።"

አለሚቱ ድስቷን እንዳቀፈች ሸራው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። "ገበያ ላይ የጠራሁት..." ብላ ጀመረችና አልጨረሰችውም።

ዛፍ ሥር ተቀመጥን። ለምን እንዳልነገረን ጠየቅሁት፤ ቃሉን በዝግታ፣ ከንፈሬን እያሳየሁ። እያንዳንዱን ጥያቄ ሁለት ሦስት ጊዜ ብደግምም ገባው።

"ሰው አንዴ ይደግምልሃል" አለ። "ሁለተኛም ይደግምልሃል። በሦስተኛው፣ ተወው፣ ይቅር ይልሃል። ተወው ሲል አልሰማውም፤ ከአፉ ላይ ግን አየዋለሁ። የሌላውን ለምጀዋለሁ። ከእናንተ አፍ ላይ ማየት ግን አልቻልኩም። ስለዚህ እኔው ቀድሜ ተውኳችሁ።"

"ስልኩስ?" አልኩት በእጄ።

"ኪሴ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ አውቀዋለሁ። የበዓል ቀን ሲሆን አንተ ነህ። እስኪያቆም ድረስ በእጄ ይዤ እጠብቃለሁ።"

እኔ የተናቅሁ መስሎኝ ጎንደር ላይ ስልኩን እያየሁ ስናደድ፣ እሱ እዚህ ይዞት ተቀምጧል። አለቀስኩ፤ ማንን አፍራለሁ።

አለሚቱ አገጩን ይዛ ፊቱን ወደ ራሷ አዞረች። "መቶ ጊዜ እደግምልሃለሁ። ስድቡንም" አለችው። ከዚያ ከመተማ ያዘጋጀችውን ስድብ ቃል በቃል፣ ልጅ ፊደል እንደሚቆጥር አድርጋ ነገረችው። ከንፈሯን እየተከተለ ቆየና መጨረሻው ላይ ሲደርስ በጀርባው እስኪወድቅ ሳቀ። "አብሽሪ፣ ይገባኛል፣ ይገባኛል" እያለ ወይካውን ተቀበላት።

ከሰዓቱን በእጅ ስንጫወት ዋልን። የትራክተር ቋንቋችን ግን ጎዶሎ ነው፤ ናፍጣ፣ ውሃ፣ ድንጋይ አለ፣ ቀስ በል፣ ከዚያ ብዙም የለውም። ስለ ሚስቱ ለመጠየቅ ምልክት አጣሁ። በመጨረሻ ሁለት እጄን ሆዴ ላይ አድርጌ ቀበቶ አጠበቅሁ፤ ዱሮ አሠሪያችን ሲመጣ የምንጠቋቆምበት ነው። ይመር ትን አለው። "ደህና ናት! አሠሪየ ደህና ናት!" አለ፤ ውሃ ቀድታ የምትመለሰው ሚስቱ ቆማ አየችን። ደስታ ይሏታል፤ ነገሩን ስናስረዳት እሷም መቀነቷን አጠበቀች።

ልንሄድ ስንል፣ "ደውልልኝ" አልኩት በዝግታ። ማንበብ ስለማይችል መልእክት መጻፍ አይሆንለትም። "አንተ ባትሰማ እኔ እሰማለሁ። አውራኝ።"

"ለብቻየ?" አለ። "ሳሉጎቹ አበደ ይሉኛል። ተወው ጌጡ።" ትከሻዬን መታ አደረገና ወደ ሸራው ተመለሰ። ሰሊጥ አይጠብቅም።

እሑድ አመሻሽ፣ ጎንደር

መመለሻዬ ረጅም ነበር። ኬላው በዛ፣ አንድ ጎማ ፈነዳ፣ ዳገቱ ላይ ብርዱ ተቀበለኝ። አለሚቱ ያስያዘችኝ ከርከዴ ፌስታሉ ተቀዶ ሱሪዬ ላይ ፈሷል። አዘዞ ላይ ወርጄ በእግሬ ወደ ቤት ሳዘግም ስልኬ ጠራ። ይመር ይላል። አነሳሁት።

"ልጄ ናት የደወለችልኝ" አለ፣ መንገደኛ ሁሉ እስኪሰማው ድረስ ጮክ ብሎ። "አንስቷል ብላ አሳየችኝ፣ ከዚያ ውጭ አስወጣኋት፤ አፍሬ። ሰሊጡ አልቋል። ያ የጣልኩት ነዶ ነው ያስቆጨኝ። አለሚቱ ነገም እመጣለሁ ብላለች፣ ስድብ ቀርቷት እንደሆን እንጃ። አንተስ፣ ደህና ገባህ?"

ዝም አለ።

እንደማይሰማኝ ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ስልኩን ግን አልዘጋም፣ ወሬም አልቀጠለ። ትንፋሹ ይሰማኛል። ለካ ቦታ እየለቀቀልኝ ነው።

መንገድ ዳር ቆምኩና፣ "ደህና ገብቻለሁ" አልኩት። ስለ ጎማው ነገርኩት። ስለ ሱሪዬ ነገርኩት። ልጆቼን በስም በስማቸው፣ ማን ምን እንደሚማር፣ ሁለት ዓመት ያጠራቀምኩትን ነገርኩት። አላቋረጠኝም።

"ጨረስክ?" አለኝ። "እሽ። አሁን ደግሞ እኔ ልቀጥል።"