እናቴ ለምና ያስወጋችው መርፌ

ይህ የደረሰው ከጣልያን መውጣት በኋላ፣ በጃንሆይ ዘመን፣ እኔ ገና ልጅ ሳለሁ ነው። የማልረሳው ታናሽ ወንድሜ ሰይፉ ሲራመድ ባየሁት ቁጥር ስለሚያንገበግበኝ ነው።

ያን ጊዜ ድሬዳዋ ውስጥ፣ ሳይወጋ የሸኘ ሐኪም እንደ ሐኪም አይቆጠርም። ሴቶቹ ከሕክምና የተመለሰች ጎረቤታቸውን መጀመሪያ የሚጠይቋት "ወጋሽ?" ብለው ነው። ኪኒን ብቻ ይዛ ለመጣች ከንፈር ይመጡላታል።

ሰይፉ አራት ዓመቱ ነበር። ጉንፋን ይዞት አተኮሰው እንጂ ክሊኒክ የገባው እየሮጠ ነው። ከዚራ ሰፈር ያለው ሐኪም ጉሮሮውን አየ፤ ደረቱን አዳመጠ።

"ጉንፋን ነው፤ በራሱ ይለቀዋል። መርፌ አያስፈልገውም" አላት እናቴን።

እናቴ ከወንበሯ ንቅንቅ አላለችም። "አቦ ዶክተር፣ ከገንደ ቆሬ ድረስ በዚህ ፀሐይ ያመጣሁት ባዶ እጄን ልመለስ ነው? ውጋልኝ። እምቢ ካልክ የሚወጋ አላጣም።"

ሐኪሙ በሩ ላይ የሚጠብቁትን በሽተኞች ተመለከተ። በረጅሙ ተነፈሰና መርፌውን ከተቀቀለበት ዕቃ አወጣ። እናቴ ሰይፉን ጭኗ ላይ በሆዱ አስተኛችው። ቂጡ ላይ ሲወጋው የጮኸውን ጩኸት ዛሬም እሰማዋለሁ። ሊቆም ሲል ቀኝ እግሩ ከዳው።

"ሕመሙ ነው፤ ይለቀዋል" ተባልን። አልለቀቀውም። እግሩን ይጎትት ጀመር።

እናቴ ወደዚያው ሐኪም ይዛን ተመለሰች፤ ግን ልትወቅሰው አልነበረም። "መርፌው አንሶት ነው። አሁን ለእግሩ ጠንከር ያለውን ውጋልኝ" አለችው።

የሐኪሙ ፊት አመድ መሰለ። እግሩን እያነሳ እየጣለ አየው። ከዚያ በሌላኛው በኩል ወጋው። እናቴ እየመረቀችው ወጣች።

ከዓመታት በኋላ አንድ ሌላ ሐኪም፣ የመጀመሪያው መርፌ የእግሩን ነርቭ እንደነካው ነገረኝ። ለእናቴ አልነገርኳትም። "ያ መርፌ ባይኖር ልጄ ይሞትብኝ ነበር" እንዳለች አረፈች።

እሷን አልወቅሳትም፤ አላወቀችም። እሱ ግን እንደማያስፈልግ በአፉ ተናግሮ፣ እያወቀ ነው የወጋው። ሁለተኛውንማ ሳስብ ዛሬም ደሜ ይፈላል።

አሁን አንዲት እናት "ይሄ ደግሞ ምን ሐኪም ነው፣ መርፌ ነፈገኝ" እያለች ስታማርር ከሰማሁ፣ ያን የነፈጋትን ሐኪም ፈልጌ ጉልበቱን መሳም ያምረኛል።