«አረፉ» ያለኝ ቀን

ዛሬ ጠዋት በስደት በምኖርባት ኮዝሞ ሲቲ፣ «ስፓዛ» የሚሏትን ትንሽ የሰፈር ሱቄን እንደከፈትኩ ወንድሜ ከሆሳዕና ደውሎ «አባባ አረፈ» አለኝ። ስልኩን ዘግቼ ዳቦ መደርደር ቀጠልኩ። ይህን ቃል መጀመሪያ የሰማሁት ከራሱ ከአባባ ነበር።

አባባ የባሕር ኃይል መካኒክ ነበር። ሠራዊቱ ሲበተን አገሩ ገብቶ የወፍጮ ቤት ሞተር ይጠግን ጀመር። የሰፈር ልጆች ዋና አለመቻሌን አይተው ወንዝ ዳር «የባሕር ኃይል ልጅ ድንጋይ» እያሉ ሲስቁብኝ፣ ዋና አስተምረኝ ብዬ ለመንኩት።

«አስተምረው እንጂ» አለች እማዬ ዱቄቷን እየነፋች። «ሌላ ምን ልታወርሰው ነው?»

አባባ ናፍጣ የነካውን እጁን በጨርቅ ጣት በጣት ጠረገ። «መርከባችን ስትሰምጥ ዋና የማይችሉት ቶሎ አረፉ» አለ። «እኛ የምንችለው ቀኑን ሙሉ በመሃላቸው ዋኘን። ልጄን ይህን አላስተምርም።»

ለእኔ ግን ዋና የማይችሉት ቀድመው ደርሰው ባሕሩ ዳር ጋደም ብለው ሲያርፉ ታዩኝ። ለልጆቹም «ዋና የማይችል ቀድሞ ይደርሳል» ብዬ ነገርኳቸው። ሳቁ።

«ሳውቦና ባባ» ብላ በአገሬው ቋንቋ ሰላም ብላኝ ዳቦ የጠየቀችኝን ደንበኛ ሳስተናግድ ወንድሜ መልሶ ደወለ።

«ቶሎ ነው ያረፈው?» አልኩት።

«አይ» አለኝ። «ብዙ ታገለ።»